በፋንታሲ ልብ ወለድ ውስጥ ረጅም የዘመን ክፍተትን መሻገር፦ ከዕቅድ እስከ አርትዖት

በፋንታሲ ልብ ወለድ አንድ ታሪክ በአንድ ሰው ዕድሜ ተጀምሮ በዚያው ዕድሜ ማለቅ የለበትም። መሐላው በአንዱ ንጉሥ ዘመን ይፈጸማል፣ መዘዙ ግን ንጉሡን በስም እንኳ በማያውቁ ልጆች ላይ ይወርዳል። ዘርፉን ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱ ይህ የዘመን ስፋት ነው፤ ብዙ ረቂቆችም የሚሰናከሉት እዚሁ ላይ ነው። አንባቢው በመጀመሪያው ክፍል የወደዳቸውን ሰዎች በአንድ ገጽ ልዩነት ያጣቸዋል፣ በምትካቸው የማያውቃቸው ሰዎች ይቀርቡለታል፣ ከዚያም በመካከል ስላለፉት ዘመናት ሁለት ሦስት ገጽ የታሪክ ትምህርት ይነበብለታል። መጽሐፉን የሚዘጋው ብዙ ጊዜ በዚህ ቦታ ነው።

ይህ መመሪያ የተመሠረተው በአንድ እምነት ላይ ነው። አንባቢ ክፍተቱን ተሻግሮ ከእኛ ጋር የሚዘልቀው የዓመቱ ቁጥር ስለተነገረው ሳይሆን፣ ከወዲያኛው ዘመን ምን እንደተረፈና የተረፈው ነገር በመንገድ ላይ እንዴት እንደተዛባ ራሱ ስላየ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ሁሉ ይህን ለማሳየት የሚረዱ ናቸው።

ለማሳያ የምንጠቀምበት ታሪክ

ሐሳቡ በአየር ላይ እንዳይንሳፈፍ አንድ የፈጠራ ታሪክ ይዘን እንሂድ። ሐዋሳ ለሚኖር ጸሐፊ መቼቱ ሩቅ አይደለም፤ በአንድ ወገን ሐይቅ፣ በሌላው ወገን ታቦርን የመሰለ ኮረብታ፣ በመካከላቸው ከተማ። የፈጠራዋን ከተማ አርሞና እንበላት። በሐይቁ ሥር የሚኖር አንድ ኃይል በየጊዜው ውሃውን እያስነሣ ከተማዋን ያጥለቀልቃል። ታንኳ ሠሪዋ ታሲማ ከዚህ ኃይል ጋር ቃል ኪዳን ትገባለች፦ በየዓመቱ የመጨረሻ ምሽት አንዲት አዲስ ታንኳ ገመዷ ተፈትቶ ባዶዋን ወደ ሐይቁ ትለቀቃለች፤ ውሃውም ወሰኑን አያልፍም። የመጀመሪያው ክፍል በዚህ ያበቃል። ሁለተኛው ክፍል የሚጀምረው ከ240 ዓመት በኋላ ነው፤ ባለታሪኩ ኦራም የሚባል ገመድ የሚገምድ ወጣት ነው። በእሱ ዘመን የዓመቱ የመጨረሻ ምሽት ታንኳዎች ሁሉ ጠብቀው የሚታሰሩበት በዓል ሆኗል።

አንደኛ፦ ክፍተቱ ለምን እንዳስፈለገ መወሰን

ቀላል ፈተና አለ። በረቂቁ ላይ ያለውን የዓመት ቁጥር ወደ 20 ዝቅ ያድርጉትና ታሪኩን በሐሳብዎ ከመነሻው ያስኪዱት። ምንም ነገር ካልተበላሸ፣ ረጅሙ ክፍተት ለግርማ ብቻ የገባ ነውና ይውጣ። በአርሞና ታሪክ 20 ዓመት ፈጽሞ አይበቃም፤ ታሲማ ራሷ በሕይወት ትኖራለች፣ ሰው ሲያስር ብታይ ተቆጥታ ታስቆማለች፣ ታሪኩም ያከትማል። ለታሪኩ የሚያስፈልገው እውነቱን ያየ ሁሉ፣ ካየ ሰው የሰማም ሁሉ ያለቀበት፣ ነገር ግን ታንኳ መሥራትና በዓል ማክበር ያልተቋረጠበት ርቀት ነው። ምክንያትዎን በዚህ መልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻሉ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይለፉ።

ሁለተኛ፦ ርቀቱን በትውልድ መለካት

ዓመት ለጸሐፊው ቁጥር ነው። ለገፀ ባሕርይው ግን ትልቁ ልዩነት «አያቴ ያየው» በሚባለውና «ማንም ያላየው» በሚባለው መካከል ያለው ነው። ስለዚህ አንድን ትውልድ በ30 ዓመት ገደማ አስልተው፣ ክፍተቱ ስንት ትውልድ እንደሚሆን ይቁጠሩ።

አንድ ትውልድ ባለፈበት ክፍተት ቂምም ውለታም ባለቤት አለው፤ የበደለውም የተበደለውም ወይም ልጆቻቸው ፊት ለፊት ሊገናኙ ይችላሉ። ከ60 እስከ 80 ዓመት ባለው ርቀት ላይ ደግሞ ነገሩን በልጅነታቸው ያዩ ጥቂት አረጋውያን ይቀራሉ፤ የዚህ ርቀት ኃይል ያለው ባየውና ባላየው ሰው መካከል በሚፈጠረው አለመግባባት ውስጥ ነው። ሐዋሳ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ዕድሜ የጠገቡ የአካባቢው ሰዎች ዛሬ አስፋልትና ሕንፃ ባለበት ቦታ ከተማ ያልነበረበትን ጊዜ ያስታውሳሉ። የልጅ ልጆቻቸው ግን በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመውን ዩኒቨርሲቲም ሆነ በ2008 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርክ ሁልጊዜም እዚያው የነበሩ ያህል ይቆጥሯቸዋል። አንድ የቡና ረከቦት ከበው የተቀመጡ አያትና የልጅ ልጅ ስለ አንድ ሰፈር ሲያወሩ፣ በሐሳባቸው የሚያዩት ሁለት ቦታ ነው። የ60 ዓመት ዝላይ የሚጽፍ ሰው ይህን ጭውውት በጥሞና ቢያዳምጥ ከየትኛውም የአጻጻፍ ትምህርት በላይ ይጠቅመዋል።

ከ200 ዓመት በላይ ስንሄድ ምስክር የሚባል ሰው አይኖርም፤ የሚቀረው አፈ ታሪክ፣ ልማድ፣ ሕንፃና የዘር ቆጠራ ነው። እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ የቆየው የሰባት ቤት ቆጠራ ለፋንታሲ ጸሐፊ ድንቅ መሣሪያ ነው። ዘመዳሞች እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዝምድናው እንደተቋረጠ ይቆጠራል። የአርሞና ክፍተት 240 ዓመት፣ ማለትም ስምንት ትውልድ ነው። ስለዚህ የታሲማ ዘር የሆነ ወጣትና የወንድሟ ዘር የሆነች ልጃገረድ በሁለተኛው ክፍል ያለ ምንም ነውር ሊተጫጩ ይችላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ቆጥረው «ዝምድና የለም» ይላሉ፤ አንባቢው ግን ሁለቱ ከአንድ ቤት እንደወጡ ያውቃል። 150 ዓመት ብንመርጥ ኖሮ ይህ ትዕይንት አይገኝም ነበር።

ርቀቱ ወደ ሺህ ሲጠጋ የሚተርፈው ድንጋይና ሥርዓተ አምልኮ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ከ1,600 ዓመት በላይ አስቆጥረዋል፤ ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን ዛሬ ወድቆ ተሰባብሮ ይታያል። ድንጋዩ እዚያው አለ፣ እንዴት እንደተጓጓዘና እንደቆመ የሚያውቀው የእጅ ጥበብ ግን ከባለሙያዎቹ ጋር አብሮ ሄዷል፤ በቦታውም አፈ ታሪክ ገብቶበታል። ግእዝም ከዕለት ንግግር ወጥቶ በቅዳሴና በመጻሕፍት ይኖራል። የሺህ ዓመት ክፍተት ሲጽፉ ይህን ያስቡ፦ ነገሩ ይታያል፣ ይከበራል፣ ይነበባልም፤ ሠሪው ያወቀውን ግን ማንም አያውቀውም።

ሦስተኛ፦ የዘመን አቆጣጠር መሥራት

ብዙ ጸሐፊዎች የዘመን አቆጣጠር የሚፈጥሩት ለወራት አዲስ ስም በማውጣት ነው። ስም መቀየሩ ብቻውን ብዙ አይጠቅምም። የሚጠቅመው ዑደት ነው፤ ምክንያቱም ዑደት ሁለት የተራራቁ ዘመናትን አንባቢው በቀላሉ በሚያስታውሰው ክር ያስተሳስራቸዋል።

በዚህ ረገድ ከቤታችን ያለው ሀብት ብዙ ነው። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ ዓመታት በማቴዎስ፣ በማርቆስ፣ በሉቃስና በዮሐንስ እየተሰየሙ ይፈራረቃሉ፤ በሉቃስ ዓመት መጨረሻ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ከዚህ በላይ 19 ዓመት የሚፈጀው ንዑስ ቀመር፣ 76 ዓመት የሚፈጀው ማኅተምና 532 ዓመት የሚፈጀው ዐቢይ ቀመር አሉ፤ 532 ዓመት ሲሞላ በዓላትና አጽዋማት፣ የሳምንቱ ቀንና የጨረቃ ሌሊት በነበሩበት ተገጣጥመው ይመለሳሉ። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል፤ አምስቱ የገዳ መደቦች አንድ ዙር የሚያጠናቅቁትም በ40 ዓመት ነው። በሲዳማ ደግሞ አራት ቀን ያለው ሳምንት አለ፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የፍቼ ጨምበላላ በዓልም ቀኑ የሚቆረጠው የሰማይ አካላትን እንቅስቃሴ በሚያጠኑ አዋቂዎች ነው።

እነዚህን እንዳሉ ገልብጦ በፈጠራ ዓለም ውስጥ መክተት አይገባም፤ የሕዝብ ቅርስ ናቸውና። መማር ያለብን አሠራራቸውን ነው። በአርሞና አቆጣጠር አንድ ዙር 40 ዓመት ቢሆን 240 ዓመት ስድስት ዙር ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ዙር መጨረሻ የሐይቁ ኃይል የሚነቃ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ክፍል በዙር ማብቂያ ተዘግቶ ሁለተኛው ክፍል በስድስተኛው ዙር ማብቂያ ዋዜማ ሊከፈት ይችላል። አንባቢው «ዙሩ ሊሞላ ነው» የሚለውን አንድ ሐረግ ሲያነብ ልቡ ይሰቀላል። በዓሉ የሚውልበትን ምሽት የሚያውቁት ሰማይ ተመልካቾች ብቻ ቢሆኑ ደግሞ ሌላ በር ይከፈታል፤ በ240 ዓመቱ መካከል የእነሱ የትምህርት ሐረግ አንድ ጊዜ ቢበጠስ በዓሉ ከዚያ ወዲህ በተሳሳተ ምሽት ሲከበር ኖሯል ማለት ነው።

አራተኛ፦ ለራስዎ ብቻ የሚሆን መዝገብ

በክፍተቱ ውስጥ የሆነውን ሁሉ ጸሐፊው ማወቅ አለበት፤ አንባቢው ማወቅ ያለበት ግን ጥቂቱን ነው። ስለዚህ ደብተር ላይ አራት ዓምድ ያስምሩ፦ ዓመቱ፣ የሆነው ነገር፣ ነገሩን ያወቀው ማን እንደነበር፣ በሁለተኛው ክፍል የሚታየው ምልክት። ዋናው አራተኛው ዓምድ ነው። አንድ ጦርነት በ112ኛው ዓመት ከተካሄደና በሁለተኛው ክፍል ላይ የፈረሰ ቅጥር፣ የጠፋ ሰፈር፣ ወይም ሰው የማይቀመጥበት ወንበር ካላስቀረ፣ ያ ጦርነት ከመዝገቡ ይሰረዝ። ለ240 ዓመት ከስምንት እስከ አሥር መስመር ይበቃል።

እዚሁ መዝገብ ላይ መሣሪያንና ኑሮን የሚመለከት አንድ መስመር ይኑር። በፋንታሲ ሥራዎች ላይ ከሚታዩ ድክመቶች የከፋው፣ ሺህ ዓመት አልፎ ጦሩም፣ ፈረሱም፣ ቀለብ አቀራረቡም ባለበት መገኘቱ ነው። አንድም ነገሩ ይለወጥ፣ አንድም ያልተለወጠበት ምክንያት ይኑር። ለውጡም ትልቅ ፈጠራ መሆን አያስፈልገውም። ባህር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ዛሬ ግን የደጋው ገጠር ያለ ባህር ዛፍ በሐሳብ እንኳ አይመጣም። ለቤት ማገር፣ ለማገዶ፣ ለአጥር እሱው ነው። ከእሱ በፊት የኖረ ሰው ቢነሣ አገሩን ይስታል፤ ዛሬ የተወለደ ልጅ ግን ዛፉን ልብ ብሎም አያየውም። በሁለተኛው ክፍል ያለውን ለውጥ በዚህ መልክ ይጻፉት፦ ለነዋሪው የተለመደ፣ የመጀመሪያውን ክፍል ላነበበ ሰው ግን የሚያስደነግጥ።

አምስተኛ፦ የተረፈውን፣ የጠፋውንና የተዛባውን መለየት

የሥራው እምብርት ይህ ነው፤ ጊዜዎን አብዛኛውን እዚህ ላይ ያውሉት።

በመጀመሪያው ክፍል ላይ ጎልተው የሚታዩትን ነገሮች ይዘርዝሩ፦ አንድ ዕቃ፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ልማድ፣ አንድ ስም፣ አንድ ዜማ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ሦስት ጥያቄ ያቅርቡ። ሳይነካ የተረፈው የቱ ነው? ፈጽሞ የጠፋው የቱ ነው? ተርፎ ግን ትርጉሙ የተገለበጠው የቱ ነው? ሁሉም ከተረፉ ዘመን አላለፈም፤ ሁሉም ከጠፉ ደግሞ ሁለተኛው ክፍል ሌላ መጽሐፍ ሆኗል ማለት ነው።

በአርሞና ሳይነካ የተረፈው በጣም ትንሽ ነገር ነው። ታንኳ ሠሪዎች በታንኳዋ አፍንጫ ላይ አንድ የችንካር ቀዳዳ ክፍት ይተዋሉ። ለምን ቢባሉ «አባቶቻችን እንዲህ ነው የሠሩት» ይላሉ። ቀዳዳው በታሲማ ዘመን የምትለቀቀው ታንኳ ገመድ የሚያልፍበት ነበር። የእጅ ልማድ ከቃል ትምህርት ይልቅ ረጅም ዘመን ይዘልቃል፤ ምክንያቱም ልጁ አባቱን እያየ ይቀዳዋል እንጂ አይከራከረውም። ስለዚህ እውነተኛውን ፍንጭ ከነገሥታት ዜና መዋዕል ውስጥ ከማስቀመጥ ይልቅ በባለሙያ እጅ ውስጥ ቢደብቁት የበለጠ ያሳምናል።

የጠፋው ምክንያቱ ነው። ታንኳ ለምን እንደምትለቀቅ በአርሞና የሚያውቅ የለም፤ ታሪኩን የሚያንቀሳቅሰውም ይህ ጉድለት ነው።

የተዛባው ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በዓሉ ሲሆን፣ ሁለተኛው የታሲማ ስም ነው። ታሲማ ለዚያች ምሽት የፈጠረችው ቋጠሮ በአንድ ጎትታ የሚፈታ ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ «የታሲማ ቋጠሮ» ማለት የላላ፣ የማይታመን ሥራ መሰደቢያ ሆኗል። አንባቢው የወደዳት ሴት ስም ስድብ ሆኖ ሲሰማ የሚሰማው ቁጭት ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም።

መዛባት ግን በራሱ አይመጣም፤ ደረጃ በደረጃ፣ በየደረጃውም የሚጠቅመው ሰው ወይም የሚያስገድደው ችግር ኖሮ መምጣት አለበት። በአርሞና መዝገብ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ በ35ኛው ዓመት ድርቅ ስለነበር ትልቅ ታንኳ መልቀቅ ከበደና በትንሽ ታንኳ ተተካ። በ90ኛው ዓመት ትንሿም ታንኳ ቀርታ ልጆች ከሸምበቆ የሠሯት መጫወቻ ተለቀቀች። በ112ኛው ዓመት በጦርነቱ ጊዜ ጠላት በባዶ ታንኳ ተጠቅሞ ስለተሻገረ፣ የከተማዋ ሹም በዚያች ምሽት ታንኳ ሁሉ ታስሮ እንዲያድር አዘዘ። በ150ኛው ዓመት ትእዛዙ የጦርነት ጥንቃቄ መሆኑ ተረሳ፤ ማሰሩ ራሱ በዓል ሆነ። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም ክፉ አይደለም። እያንዳንዱ በዘመኑ ትክክል የመሰለውን አድርጓል፤ ውጤቱ ግን የመጀመሪያው ቃል ኪዳን ግልባጭ ሆኖ አረፈው። አንድ ተንኮለኛ ካህን መጽሐፉን አቃጥሎ እውነቱ ጠፋ ከሚለው የተለመደ መንገድ ይልቅ ይህ መንገድ የበለጠ የሚያሳዝንም የሚያሳምንም ይመስለኛል።

የቦታ ስምን አይርሱ። የድሮ ስም ዋናውን ቦታ ቢለቅ እንኳ በአንድ ጥግ ተጠግቶ ይኖራል፤ ሐዋሳ ያረፈችበት ስፍራ የቀድሞ ስም አዳሬ ዛሬም በከተማዋ ሆስፒታል ስም ላይ ይሰማል። በልብ ወለድዎም የወደቀች ከተማ ስም በገበያ ቀን፣ በጉድጓድ ወይም በአንድ ዓይነት ዓሣ ስም ላይ ሊተርፍ ይችላል።

ስድስተኛ፦ የመጀመሪያውን ክፍል የት ላይ እንደሚቆርጡ

ብዙ ጸሐፊዎች የመጀመሪያውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ይቋጩታል፤ ጠላቱ ይሸነፋል፣ ሕዝቡ ይደሰታል፣ መጋረጃው ይወርዳል። አንባቢው ከዚህ በኋላ ገጽ የሚገልጥበት ምክንያት አይኖረውም። መቁረጫው ከውሳኔው በኋላ፣ ውጤቱ ግን ከመታወቁ በፊት ቢሆን ይመረጣል። ታሲማ የመጀመሪያዋን ታንኳ ፈትታ ስትለቅ እናያለን፤ ውሃው መመለሱን ግን አናይም። ያንን የምናውቀው ከ240 ዓመት በኋላ ከተማዋ ቆማ በማግኘታችን ነው።

በተጨማሪ በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ንግር፣ ማለትም በኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ነገር፣ ይዝሩ፤ በዚያ ሰዓት ግን ንግር መሆኑ አይታወቅ። ታሲማ የችንካር ቀዳዳውን ስትበሳ ረዳቷ «ውሃ አያስገባም ወይ?» ብሎ ቢጠይቃትና እሷም ስለ ቀዳዳው ከፍታ ብትመልስለት፣ አንባቢው የሚያየው አንድ የሥራ ጭውውት ብቻ ነው። ከሁለት መቶ ገጽ በኋላ ግን ያው ቀዳዳ የሁሉም ነገር መፍቻ ይሆናል።

የሞቱትንም ሰዎች ይገባቸዋል የሚሉትን ያህል ይሸኟቸው። አንባቢው ታሲማ እንዴት እንደሞተች ሳያውቅ ወደ ሌላ ዘመን ከተወሰደ ቅር ይለዋል። የሞት ትዕይንት ግዴታ አይደለም፤ በሁለተኛው ክፍል ኦራም ጥላ ፍለጋ የሚቀመጥባት ጽሑፏ የተፋቀ የመቃብር ድንጋይ ትበቃለች።

ሰባተኛ፦ ከክፍተቱ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ገጽ

የዓመቱን ቁጥር በክፍሉ ርዕስ ላይ አስፍረው ይገላገሉት፦ «ሁለተኛ ክፍል፤ ከ240 ዓመት በኋላ»። ቁጥሩ እዚያ ካለ ትረካው ስለ ቁጥሩ መናገር አይጠበቅበትም። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን በሁለት አጻጻፍ እንየው። የመጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

«አርሞና ታላቅ ከተማ ሆና ነበር። የታሲማ ቃል ኪዳን ተረስቶ ሕዝቡ ታንኳ መፍታቱን ትቶ ማሰር ጀምሮ ነበር። በዚያን ጊዜ ኦራም የሚባል ገመድ የሚገምድ ወጣት ይኖር ነበር።»

ስሕተት የለበትም፤ ሁሉን ነገር ግን ተራኪው ጨርሶታል፣ አንባቢው የሚያገኘው ነገር አልቀረለትም። ሁለተኛው እንዲህ ነው፦

«ኦራም የመጨረሻዋን ታንኳ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ካሰረ በኋላ ምሰሶውን በእግሩ ተደግፎ ገመዱን ሳበ። ሹሙ ፋኖሱን አስጠግቶ ቋጠሮውን አየና፣ ‹ይቺማ የታሲማ ቋጠሮ ናት! ፈትተህ እንደገና እሰር› አለው። ኦራም ታዘዘ። ከኋላው ልጆች ‹ያልታሰረ ሰመጠ፣ የታሰረ አመለጠ› እያሉ ያጨበጭባሉ። አምና በዚህች ምሽት ውሃው ከምሰሶው ሥር ነበረ፤ ዘንድሮ የኦራምን ቁርጭምጭሚት አልፏል።»

ይህ አንቀጽ ስለ ታሪክ አንድም ቃል አያስተምርም፤ አንባቢው ግን ልማዱ መገልበጡን፣ የታሲማ ስም ስድብ መሆኑን፣ ልማዱ እስከ ሕፃናት ጨዋታ ድረስ መዝለቁንና ውሃው እየተነሣ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። ኦራም የማያውቀውን አንባቢው ያውቃል፤ ልብ ሰቀላው የሚወለደውም በእነዚህ ሁለት ዕውቀቶች መካከል ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ቢያንስ አንድ የሚታወቅ ነገር፣ አንድ የተለወጠ ነገርና አንድ አስቸኳይ ችግር እንዲኖር ያድርጉ። የተቀረውን የዘመናት ዜና ሰው ሲጨቃጨቅ፣ ሲምል፣ ዋጋ ሲከራከር በየምዕራፉ ጥቂት ጥቂት ይልቀቁት። ምልሰትን፣ ማለትም ወደ ቀድሞው ዘመን የሚመልስ ትረካን፣ ደግሞ እስከ መጽሐፉ አጋማሽ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ አንባቢው በአዲሱ ዘመን ሳይደላደል ወደ ኋላ ከተጎተተ ሁለቱንም ዘመን ያጣል።

ስምንተኛ፦ ክፍተቱን በአካል የሚሻገሩ ገፀ ባሕርያት

ፋንታሲ ከሌሎች ዘርፎች የሚለይበት አንድ ዕድል አለው፤ ሰው ተኝቶ፣ ተለውጦ ወይም ዕድሜው ረዝሞ ዘመን ሊሻገር ይችላል። ይህን ለመጻፍ ከአቤሜሌክ ታሪክ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚተረከው፣ ነቢዩ ኤርምያስ በለስ እንዲያመጣ የላከው አቤሜሌክ በዛፍ ጥላ ሥር ተኝቶ 66 ዓመት አለፈው። ሲነቃ በመጀመሪያ የሚሰማው ራሱ መክበዱ ነው፤ ጥቂት የተኛ ይመስለዋል። ወደ ኢየሩሳሌም ሲገባ ከተማዋን አላወቃትም፣ መንገድ የሳተ መስሎት ወጥቶ እንደገና ተመለሰ። በኋላ አንድ ሽማግሌ አግኝቶ ሲጠይቀው ሕዝቡ ወደ ባቢሎን ከተማረከ ዘመን ማለፉን ይነግረዋል፤ አቤሜሌክ ግን አላምንም ይላል። በለሱን ሲያሳየው ገና ትኩስ ነው፣ ፈሳሹም ይንጠባጠባል፤ ወቅቱ ደግሞ የበለስ ወቅት አልነበረም።

የትዕይንቱን ቅደም ተከተል ልብ ይበሉ፦ የአካል ስሜት፣ የቦታ ግራ መጋባት፣ ምስክር፣ ክርክር፣ በመጨረሻም በእጅ የተያዘ ማረጋገጫ። ሁለቱን ዘመን በአንድ ጊዜ የያዘው የበለሱ ቅርጫት ነው። የእርስዎም እንቅልፋም ባለታሪክ ከተነሣ ልቅሶውና ንግግሩ ይቆይ፤ በቅድሚያ መንገድ ይሳት፣ ይከራከር፣ በእጁም የሚያሳየው ነገር ይኑረው።

ዕድሜው የረዘመ ገፀ ባሕርይ፣ ጠንቋይም ይሁን መንፈስ፣ ሌላ ችግር ያመጣል። ሁሉን ካየ ለምን አይናገርም? መልሱ «ምሥጢር ስለሆነ» ከሆነ አንባቢው ይሰለቻል። በቦታው አልነበረም ይበሉ፣ ወይም ተናግሮ ማንም አላመነውም፣ ወይም እሱ ልብ የሚለው ሌላ ነገር ነው። በአርሞና የሐይቁ ኃይል ታሲማን በሚገባ ያስታውሳታል፤ ሰው ሞቶ እንደሚተካ ግን አይገባውም። ለእሱ ኦራም ያው ታሲማ ነው፣ ቃሏን ያፈረሰች ታሲማ። በዚህ አንድ ስሕተት ኃይሉ ባዕድም አሳዛኝም ይሆናል። በአነጋገሩ ላይ ጥቂት የጥንት አማርኛ ወዝ ማከል ይቻላል፤ ነገር ግን በአንድ ገጽ አንድ ወይም ሁለት ቃል ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ አንባቢው ከትረካው ይወጣል።

ዘጠነኛ፦ ዘመናትን እያፈራረቁ መተረክ

ሁለቱን ዘመን ተከታትለው ከማስቀመጥ ይልቅ ምዕራፍ በምዕራፍ ማፈራረቅም ይቻላል። ይህን መምረጥ ያለብዎት በአንዱ ዘመን የሚገለጥ ነገር የሌላውን ዘመን ትርጉም የሚለውጥ ከሆነ ብቻ ነው። ካፈራረቁ በኋላ ሥርዓቱን አያፍርሱ፤ በእያንዳንዱ ምዕራፍ የመጀመሪያ መስመር ላይ አንባቢው የት ዘመን እንዳለ በቦታ፣ በዕቃ ወይም በሰው ስም ይወቅ። ሁለቱ ዘመን የሚያልቁበትም ፍጥነት ይመጣጠን፤ አንደኛው ቀድሞ ካለቀ የሌላው ምዕራፎች እንደ ጭራ ይንጠለጠላሉ።

አሥረኛ፦ አርትዖት

ረቂቁ ሲያልቅ ለሁለት ሰው ይስጡ። ለአንደኛው ሁለተኛውን ክፍል ብቻ፣ ለሌላኛው ሙሉውን። ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ያነበበው ሰው ታሪኩን መከታተል ከቻለ ማብራሪያዎ በቂ ነው፤ ሙሉውን ያነበበው ደግሞ «ይህን አውቄዋለሁ፣ ዝለለው» ያለበት ገጽ ካለ ማብራሪያው በዝቷል። ሐዋሳ ላይ ረቂቅ ተለዋውጠን የምናነብ ወዳጆች ብዙ ጊዜ የምንስማማበት ነገር፣ ከክፍተቱ በኋላ ካሉት ገጾች አብዛኛው የታሪክ ዘገባ ቢቆረጥ የሚጎድል ነገር አለመኖሩ ነው።

«ነበር» የሚለውን ቃል በክፍተቱ ዙሪያ ባሉ ገጾች ይፈልጉ። «ሆኖ ነበር፣ ተረስቶ ነበር፣ ጀምሮ ነበር» እየተደራረበ ከመጣ ትዕይንት መሆን የሚገባው ቦታ ማጠቃለያ ሆኗል ማለት ነው። ስሞችንም ያጣሩ፤ በስምንት ትውልድ ልዩነት የሰዎች ስም ሁሉ አንድ ዓይነት ከሆነ ዘመን ማለፉ አይታመንም። ጥቂት የድሮ ስሞች ይቆዩ፣ አጥረው ወይም ተለውጠው፤ የተቀሩት አዲስ ይሁኑ።

ዕድሜና ዓመት የሚመረመሩት በመጨረሻ ነው። መዝገቡን ከፊት ለፊትዎ አስቀምጠው፣ በረቂቁ ውስጥ ቁጥር ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ በቀይ ያስምሩና አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አንዲት አሮጊት «ቅድመ አያቴ ጦርነቱን አይታለች» ካለች ጦርነቱ በ112ኛው ዓመት፣ አሮጊቷ ያለችው በ240ኛው ዓመት ነውና ልዩነቱ 128 ዓመት ነው። አሮጊቷ 75 ዓመቷ ቢሆን የተወለደችው በ165ኛው ዓመት ነው፤ ቅድመ አያቷ በእያንዳንዱ ትውልድ 30 ዓመት ከታሰበ የተወለደችው በ75ኛው ዓመት ገደማ ይሆናል፣ በጦርነቱም ጊዜ 37 ዓመቷ ነበር። ቁጥሩ ይገጥማል፤ ዓረፍተ ነገሩ ይቆይ።